ተቀባይ የሌለው ዘፈን

ባለፈው እትማችን አንድ መምህራችን ስለ ባህል ምሽታችን አጭር ጽሑፍ አውጥተዋል። መምህሩን እናከብራቸዋለን፤ አሳባቸውን ሰምተን ዝም ብንል ግን እርሳቸውንም ራሳችንንም መናቅ ይሆንብናል። የጽሑፋቸው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ተማሪዎች ያዘጋጁት የዘፈን ቴአትር መልካም ነበር፤ ያበላሸው አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው እንግዳ ሳይሆን ሜዳው ላይ ቆሞ በሸራ ሲመለከት የነበረው ሕዝብ ነው፤ የአጋሮ ሰው ገና ቴአትር ማየት አልተማረም፤ ስለዚህ ለሚመጣው ጊዜ ሸራውም ይነሣ፥ የግቢውም በር ይዘጋ የሚል ነው። የማኅበራችን የባህል ክፍልም ይህን አሳብ በመልካም ዐይን እንደተመለከተው ሰምተናል። ነገሩ ለጠቅላላ ስብሰባ ከመቅረቡ በፊት እኛም የምንለው አለን።

በመጀመሪያ የሆነውን እንደ ሆነ እናስቀምጠው፤ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ፍርዱ እንጂ ነገሩ አልተነገረምና። አዳራሻችን ጠባብ ነው። ወንበሩ ለተጠሩ እንግዶች፥ ለመምህራንና መጥሪያ ለደረሳቸው ጥቂት ተማሪዎች ታድሎ አለቀ። ለቀረው ተማሪና ከከተማው ለመጣው ሰው ሜዳው ላይ ነጭ ሸራ ተወጠረለት። ውስጥ የቆመው ካሜራ የሚያነሣው ሥዕል በኢንተርኔት ዞሮ እዚያ ሸራ ላይ ይወርዳል። ቡና ተለቅሞ ያበቃበት ወራት ነበርና ሰዉ ብዙ ነው፤ ጀንፈሉን አስጥቶ የመጣ ገበሬ አለ፤ ሱቁን በጊዜ የዘጋ ነጋዴ አለ፤ ልጅ ያዘሉ እናቶች፥ ከትምህርት ቤት የቀሩ ሕፃናት፥ በትራቸውን የተደገፉ ሽማግሌዎች አሉ። ሁሉም የመጣው የልጆቹን ትርዒት ለማየት ነው።

«በቀጥታ ይተላለፋል» ተብሎ የተነገረለት ሥዕል የሚደርሰው ግን ከጥቂት ሰኮንዶች በኋላ ነበር። ድምፁ ደግሞ ከሥዕሉ ኋላ ይቀራል። ተዋናዩ አፉን ከገጠመ በኋላ ቃሉ ብቻውን ሲመጣ ሰዉ ሣቀ። በዚህ የማይሥቅ ሰው ቢኖር ሐኪም ሊያየው ይገባል። የሣቁ ድምፅ ግድግዳውን አልፎ አዳራሽ ሲገባ መድረኩ ላይ ሙሽራይቱን የምትጫወተው እኅታችን ከእናቷ የምትለይበትን እንጉርጉሮ ጀምራ ነበር። በእርሷ የተሣቀ መሰላት፤ ደነገጠች፤ ዜማው ጠፋት። ቀጥሎ የሠርጉ ዘፈን መጣ። ውጭ ያለው ሕዝብ የሚያውቀው ዜማ ነውና ተቀበለ፤ አጨበጨበ። ነገር ግን የሚቀበለው የዘገየውን ድምፅ ስለ ሆነ ጭብጨባው ከአዳራሹ ከበሮ ጋር አልገጠመም። ከበሮ መቺያችን አንድ ጊዜ ወደ ውስጡ፥ አንድ ጊዜ ወደ ውጭው እየተሳበ ምቱ ተደባለቀበት።

እንግዲህ «የሕዝቡ ብልግና» የተባለው ይህ ነው። ከበሮውን ያዘገየው መስመሩ ነው። ሕዝቡን ከመድረኩ የለየው ግድግዳው ነው። ግድግዳውን ማን እንዳቆመውና መጥሪያውን ማን እንዳደለው ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ሰውን ከደጅ አቁሞ፥ በሸራ አሳይቶ፥ የዘገየ ድምፅ አሰምቶ፥ በመጨረሻ «እናንተ እኮ ጊዜውን ጠብቃችሁ ማጨብጨብ አታውቁም» ማለት እንግዳን ያለ ማንኪያ ገንፎ አቅርቦለት በእጁ በላ ብሎ እንደ ማማት ነው።

በዚህ አገር ዘፈን ማለት አውጪና ተቀባይ ነው። አውጪ ብቻውን ዘፈነ አይባልም፤ አንጐራጐረ ይባል ይሆናል። ደቦ ወጥቶ ያረመ ሰው ይህን ያውቃል። በጅማና በዙሪያዋ መንዙማ የሚባልበት ቤት የተቀመጠም ያውቃል፤ መሪው አንዱን ስንኝ ያወጣል፥ ጀማው ይቀበላል፤ ጀማው ዝም ካለ መሪው የሚሄድበት መንገድ የለውም። ጌራርሳ የሚያሰማ ሰውም ቃሉን የሚያረዝመው የከበቡት ሰዎች ስለሚያበረታቱት ነው። ወደ አማርኛው ወገን ብንሻገር አዝማሪው መሰንቆውን ሲገዘግዝ ዐይኑ ያለው በታዳሚው ላይ ነው። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ያንኑ በዜማ አድርጎ ይመልስለታል። ግጥሙ የማን ነው ቢባል መልሱ የሚያስቸግር ነው፤ የሁለቱም ነው። ከዚህ ዓይነት ቤት የወጣ ሕዝብ ነው እንግዲህ «ማየት አልተማረም» የተባለው። እንዲያውም ችግሩ አብዝቶ መማሩ ነው። ዘፈን ሲሰማ ድርሻ ያለው መሆኑን ያውቃል፤ ድርሻውንም ሊወጣ ተነሣ።

ቋንቋችን ራሱ ይህን ለይቶ ያውቀዋል። ተመልካች የምንለው አለ፤ ታዳሚ የምንለው አለ። ተመልካች አላፊ አግዳሚም ሊሆን ይችላል፤ ቆሞ አይቶ ይሄዳል። ታዳሚ ግን ድግስ የተጠራ ሰው ነው፤ ባይመጣ ይጠየቃል፤ ሲመጣም ዝም ብሎ አይቀመጥም። በቴሌቪዥንና በሸራ የሚተላለፍ ትርዒት ታዳሚውን ወደ ተመልካችነት ያወርደዋል። ይህን ማድረጉ አንዳንድ ጊዜ ግድ ይሆናል፤ ሩቅ ያለ ሰው ከነጭራሹ ከሚቀር በሥዕልም ቢሆን ቢያይ ይሻለዋል። ከመድረኩ ሠላሳ እርምጃ ላይ የቆመን ሰው በሩቅ እንዳለ ሰው መቊጠር ግን ምን ይባላል?

ጩኸት ሁሉ ተቀባይነት ነው አንልም። ስልኩን ጆሮው ላይ ደግኖ የቡና ዋጋ ሲደራደር ያመሸ ሰው ነበር፤ እርሱን ማንም ቢገሥጽ አንቆጣም። ወንበር ላይ ቆሞ የኋላውን ሰው የጋረደም አለ። ነገር ግን እነዚህ ከውጭም ከውስጥም ነበሩ። በጽሑፉ የተወቀሱት የውጭዎቹ ብቻ ናቸው።

አንዳንድ ወንድሞቻችን በሠለጠነው ዓለም ሰው በቴአትር ቤት ጸጥ ብሎ ነው የሚቀመጠው ይሉናል። በየትኛው ዘመን? ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ ያነጋገሩት ሼክስፒር ድራማውን ሲጽፍ ከመድረኩ ሥር ቆሞ የሚያየው ሕዝብ ይበላ፥ ይጠጣ፥ ይጮህም ነበር። በጣሊያንና በፈረንሳይ የኦፔራ ቤቶችም መኳንንቱ በየሰገነታቸው እራት እየበሉና ካርታ እየተጫወቱ፥ የወደዱት ዘፈን ሲመጣ ብቻ ፊታቸውን ወደ መድረኩ ያዞሩ ነበር። አዳራሹን አጨልሞ ተመልካቹን ጸጥ ማሰኘት የተለመደው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ቫግነር በባይሮይት ቴአትር ቤቱን በ1876 ሲከፍት መብራቱን በማደብዘዙ ብዙ ሰው ተደንቆ ነበር። ስለዚህ ጸጥታ የሥልጣኔ ሕግ ሆኖ ከሰማይ አልወረደም፤ ለአንድ ዓይነት ሙዚቃ፥ በአንድ ዓይነት ቤት የተፈጠረ ልማድ ነው። ልማዱን አንጠላም። በመሰንቆና በከበሮ ለሚሠራ ቴአትር ግን የተሰፋ ልብስ አይደለም።

በቀጥታ የሚተላለፍ የዘፈን ቴአትርም እኛ አጋሮ ላይ የፈጠርነው ነገር አይደለም። አሜሪካኖች ብዙ ጊዜ ሞክረውታል፤ ከእነርሱ ሙከራ መማር የሚወድድ ሰው ካለ ነገሩ የታወቀ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።) ሮጀርስና ሐመርስታይን የተባሉት ሁለቱ ታላላቅ ሰዎች «ሲንደሬላ»ን ለቴሌቪዥን ብለው ደረሱት፤ ማርች 31 ቀን 1957 ሲቢኤስ በቀጥታ አስተላለፈው። ሲንደሬላን ሆና የተጫወተችው ጁሊ አንድሩስ ነበረች። ያን ምሽት ያየው ሰው ከ100 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ከዚያ ወዲህ ልማዱ እየቀዘቀዘ ሄደና ለብዙ ዓመታት ተረሳ።

ዲሴምበር 5 ቀን 2013 ኤንቢሲ የተባለው ድርጅት እንደገና አነሣው። የተመረጠው ሥራ የነዚያው የሮጀርስና የሐመርስታይን «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ነው፤ በ1959 በመድረክ የታየ፥ በ1965 ደግሞ በዚያችው በጁሊ አንድሩስ ፊልም የሆነ። ዋናዋን ሰው እንድትጫወት የተሰጣት ለካሪ አንደርውድ ነው፤ ድምፀ መልካም ዘፋኝ ናት፤ በቴአትር ተዋናይነት ግን አትታወቅም ነበር። ከ18 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመለከተው። በዚያው ሌሊት በትዊተር ላይ የወረደባት ስድብና ፌዝ ደግሞ ሌላ ትርዒት ነበር። ስለ አነጋገሯ፥ ስለ ፊቷ፥ ከጁሊ አንድሩስ ስለ ማነሷ ያልተባለ የለም። ብዙ ሰው ቴሌቪዥኑን የከፈተው ለማየት ሳይሆን ለማላገጥ ይመስል ነበር።

እኛን የገረመን ሌላው ነገር ነው። ትርዒቱ የተደረገው በሎንግ አይላንድ ባለ ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ ተመልካች አልነበረበትም። የዚህ ዓይነት ቴአትር ደግሞ ሲደረስ ጀምሮ ለጭብጨባ ቦታ ተትቶለት ነው። ዘፈኑ ከፍ ብሎ ያበቃል፤ ሙዚቃው በአንድ ምት ይዘጋል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ተዋናዩ ትንፋሹን ሰብስቦ ወደ ንግግሩ ይመለሳል። ያን ምሽት ግን ዘፈኑ ሲያልቅ ምንም አልነበረም። ጸጥታ። ተዋናዮቹ በጭብጨባ መሞላት የነበረበትን ጒድጓድ እየዘለሉ ወደሚቀጥለው ቃል ሄዱ። እስቲ ልብ በሉ፤ በአንድ በኩል ሰው የሌለበት ስቱዲዮ አለ፤ በሌላ በኩል ሚሊዮን ሰው በየቤቱ ይጮሃል። በሁለቱ መካከል ግድግዳ አለ። ዘፋኟ ጭብጨባውንም ስድቡንም በጊዜው አልሰማችም። እርሷ ለማን እንደምትዘፍን አላየችም፤ እነርሱም ማንን እንደሚሰድቡ አላዩም። ከዚህ ከክፉ ቃል በስተቀር ምን ይበቅላል?

አሜሪካኖቹ ጒድለቱን ለማወቅ ብዙ አልዘገዩም። ጃንዋሪ 31 ቀን 2016 ፎክስ «ግሪስ»ን ሲያስተላልፍ ተመልካቾችን እዚያው በትርዒቱ መካከል አስገባቸው፤ በተዋናዮቹ ዙሪያ ሆነው ሲያጨበጭቡና ሲጮሁ በቤቱ ያለው ሰው አብሮ ሰማ። ያ ሥራ ተወደሰ፤ የኤሚንም ሽልማት አገኘ። ኤፕሪል 1 ቀን 2018 ኤንቢሲ ራሱ «ጂሰስ ክራይስት ሱፐርስታር»ን በብሩክሊን ሰው በሞላበት አዳራሽ አደረገው። ስለ «ቀጥታ»ነት ሲነገር ደግሞ የ2019ኙን «ሬንት» ማንሣት ይበቃል፤ ከዋናዎቹ ተዋንያን አንዱ በዋዜማው እግሩን ተሰበረና ፎክስ አብዛኛውን ከዋዜማው ልምምድ በተቀረጸው ፊልም አሳለፈው፤ በቀጥታ የታየው የመጨረሻው ክፍል ነው። በቤቱ የተቀመጠው ተመልካች ይህን ቢነግሩት ነው እንጂ በምን ያውቃል? «ቀጥታ» የሚለው ቃል ለተመልካቹ የሚሰጠው ነገር ካለ ድምፁ ወደ መድረኩ መድረስ መቻሉ ነው። ድምፁ የማይደርስ ከሆነ ዛሬ ቢተላለፍ፥ ትናንት ተቀርጾ ቢሆን፥ ልዩነቱ ለቴክኒኩ ባለሙያ እንጂ ለእርሱ አይደለም።

ወደ አገራችን እንመለስ፤ ይህ ግድግዳ እኛ ዘንድ የቆየ ነውና። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር ለመኳንንቱ ባሳዩ ጊዜ ነገሩ በእንስሳት ተረት የተሸፈነ ስለ መንግሥት አሠራር የተሰነዘረ ፌዝ ነበር፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። የተፈራው መጽሐፉ ብቻ አይመስለንም። አንድ ሰው ብቻውን አንብቦ ቢሥቅ ምንም አይደለም፤ ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው በአንድ ነገር አብረው ሲሥቁ ግን እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ይህን ኃይል በደንብ ዐውቆበታል፤ ወራሪ በደጅ ቆሞ ሳለ ሕዝቡን በአደባባይ ሰብስቦ በዘፈንና በንግግር ሲቀሰቅስ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው አልፈለገም።

ከዚያ በኋላ ግን መድረክ ማለት አዲስ አበባ ማለት ሆነ። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ትልቁ ቤትም እዚያው ነው። ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሲጀመር ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ነበር። ለክፍለ ሀገሩ ሰው የደረሰው በመጀመሪያ በሬዲዮ ድምፁ፥ ቈይቶም በቴሌቪዥን ሥዕሉ ነው። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ታላቅ የሙዚቃና የውዝዋዜ ትርዒት በድርቁ ጊዜ ለረዱን አገሮች ምስጋና ለማቅረብ ባሕር ማዶ ዞረ። የገዛ አገሩ ሰው ግን፥ በተለይ እንደኛ ከዋና ከተማው የራቀው፥ የሚያውቀው ከተቀረጸው ፊልም ነው። የራሱን ዘፈን፥ የራሱን ጭፈራ፥ ሌላው ሰው ሲያጨበጭብለት ከሣጥን ውስጥ አየው። ስለ ደርግ ዘመን የቀበሌና የአውራጃ ኪነት ቡድኖች ብዙ ክፉ ነገር ይነገራል፤ ግማሹ ዘፈናቸው የመንግሥት መፈክር እንደ ነበር ወላጆቻችንም አይክዱም። አንድ ነገር ግን ነበራቸው፤ የሚዘፍነው ልጅ የሰፈር ልጅ ነው፤ የሚያየውም ሰው ልጁን በስሙ ይጠራዋል። ቡድኖቹ ሲበተኑ ያ ነገር አብሮ ተበተነ፤ በቦታው የተተካው ሥዕል ብቻ ነው።

ዛሬ የአጋሮ ሰው ሥዕል አላጣም። እግር ኳሱን በዲኤስቲቪ ቤት ያያል፤ ለንደን ላይ ያለውን ዳኛ በኦሮምኛም በአማርኛም ይሰድበዋል። ዳኛው እንደማይሰማው ያውቃል፤ ስለዚህም እንደ ልቡ ይሰድበዋል። ቴሌቪዥን የሚያስተምረው የመመልከት ጠባይ ይህ ነው። መልስ የሌለበት ንግግር ለከት የለውም። አዝማሪ ቤት ግን እንዲህ አይቻልም። አዝማሪውን ክፉ ቃል ብትናገረው ከመቅጽበት ስምህን፥ ኮፍያህን፥ ከጎንህ የተቀመጠችውን ሳይቀር በግጥም አስገብቶ በሕዝብ ፊት ይመልስልሃል። ታዳሚው ምላሱን የሚመዝነው ጨዋ ሆኖ ስለ ተወለደ አይደለም፤ የተናገረው ነገር ተመልሶ ስለሚመጣበት ነው።

ይህን ካልን በኋላ መምህራችን ያልጻፉትን አንድ ነገር እንጻፍ። ከባህል ምሽቱ በማግስቱ ያች እኅታችን ዜማው የጠፋባት ጊዜ በአጭር ፊልም ተቈርጦ፥ የአህያ ድምፅ ተጨምሮበት፥ በቴሌግራምና በቲክቶክ ሲዞር ዋለ። የዶርም ልጆች ሁሉ አይተውታል፤ አብዛኞቹ ሥቀውበታል። እስቲ ያንን ፊልም ደግማችሁ ተመልከቱት። የተነሣው ከሜዳው ሸራ ላይ አይደለም። ከአዳራሹ ውስጥ፥ ከፊተኞቹ ወንበሮች ነው፤ የመድረኩ መጋረጃ ጠርዝ፥ የፊት ለፊቱ የአበባ ማስቀመጫም ይታያል። እዚያ የተቀመጠው ቡና ለቃሚ አልነበረም። መጥሪያ የደረሰው፥ ሱፉን የለበሰ፥ ትርዒቱ ሲያልቅም ተነሥቶ በጨዋነት ያጨበጨበ ሰው ነው። በጸጥታ ተቀምጦ ፊልም አነሣ፤ በጸጥታ አሰራጨ። ውጭ የነበረው ሕዝብ በዘገየ ድምፅ ሣቀ፤ ስቆም ወደ ቤቱ ሄደ። ሰው ያዋረደው የውስጡ ተመልካች ነው። ልጅቱ ዛሬ ከቡድኑ ወጥታለች። ማየት ያልተማረው ማን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ስለ ቋንቋው ሳንናገር አናልፍም። ቴአትሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ ነበር፤ ከሠርጉ ዘፈን በስተቀር። ሜዳው ላይ ከነበረው ሰው ብዙው አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው። ከሸራው በስተቀኝ አንድ አዛውንት ቆመው እያንዳንዱን ንግግር ለከበቧቸው ሴቶችና ሕፃናት ጮክ ብለው በኦሮምኛ ይመልሱ ነበር። ሙሽራይቱ ስታለቅስ እናቶቹ ከንፈራቸውን የመጠጡት፥ አንዳንዶቹም ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ የጠረጉት፥ በአዛውንቱ ቃል ነው። በጽሑፉ ላይ «የማያቋርጥ ጫጫታ» ተብሎ የተነገረው አንዱ ይህ ነው። እኛ ግን ያን ምሽት ግቢያችን ውስጥ ከተሠራው ሥራ ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም። የኛ ባህል ክፍል ለወራት ተሰብስቦ ያላሰበውን አስተርጓሚነት አንድ ሽማግሌ ማንም ሳይጠይቃቸው፥ ቆመው፥ በነጻ ሠሩት። ለእርሳቸው የሚገባቸው ምስጋና እንጂ ወቀሳ አልነበረም።

አንዳንድ የባህል ክፍል አባሎች ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣሉ። ካሜራና ሸራ ከሌለ ትርዒታችን ከአጋሮ አይወጣም፤ ቴሌቪዥን ጣቢያዎችም አያዩንም ይላሉ። ካሜራ አይግባ ያለ የለም። ይግባ፤ ያንሣም። ነገር ግን ካሜራው በሕዝቡ መካከል ይቀመጥ እንጂ ሕዝቡ ለካሜራው ሲባል ከደጅ አይቁም። ካሜራውም ፊቱን አንዳንድ ጊዜ ወደ ታዳሚው ያዙር፤ በፊተኛው ወንበር ወዳሉት ሹማምንት ብቻ አይደለም። የሩቅ ተመልካች ሊያይ የሚገባው ዘፋኙን ብቻ ሳይሆን ተቀባዩንም ጭምር ነው፤ አለበለዚያ ያ የ2013ቱ ስቱዲዮ እዚህ ይደገማል።

ወጪ አለበት የሚባለውም መልስ አያጣም። ለሸራው፥ ለማሳያው መሣሪያና ለኢንተርኔቱ የወጣው ገንዘብ ሜዳው ላይ ለአንድ ምሽት የሚሆን የእንጨት መድረክ ባያቆም እንኳ ጣውላውን ለመከራየት ይረዳል። የአጋሮ አናጢዎች የቡና ማስጫ አልጋ በየዓመቱ ሲሠሩ የሚያይ ሰው እንጨት ላይ እንጨት ማጋደም እዚህ አገር ብርቅ አለመሆኑን ያውቃል። ከሜዳው በላይ ያለው ቊልቊለት ሣር የለበሰ ነው፤ ሰዉ እዚያ ቢቀመጥ ማንም ማንንም አይጋርድም። ከአዳራሹ አሥር እጥፍ ሰው ይይዛል።

ስለዚህ ለጠቅላላ ስብሰባው የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። ሸራው ይነሣ በሚለው ከመምህራችን ጋር እንስማማለን። በሩ ይዘጋ በሚለው ግን አንስማማም፤ እንዲያውም ትርዒቱ ራሱ ከአዳራሹ ይውጣ እንላለን። መጥሪያ የሚባል ነገር ይቅር፤ ሽማግሌዎችና ነፍሰ ጡሮች የሚቀመጡበት ወንበር ፊት ለፊት ይደርደር፤ የቀረነው ሁላችን፥ መምህራንም ጭምር፥ ሣሩ ላይ እንቀመጥ። ቴአትሩ በሁለቱም ቋንቋ ይዘጋጅ፤ ያ ካልተቻለ በየትዕይንቱ መካከል ነገሩን በኦሮምኛ የሚተርክ አንድ ሰው በመድረኩ ይቁም፤ ያን አዛውንት ፈልገን ብንጠይቃቸው እምቢ የሚሉ አይመስለንም። ያንን ፊልም ያሰራጩት ወንድሞች ስማቸውን እዚህ አናወጣም፤ እኅታችንን ግን ቡድኑ ባለበት ሄደው ይቅርታ ይጠይቋት፤ ፊልሙንም ከየስልካቸው ያጥፉት። እርሷ ትመለስ አትመለስ የራሷ ፈቃድ ነው፤ የሙሽራይቱ ቦታ ግን እስከ ልምምዱ መጀመሪያ ድረስ ለሌላ አይሰጥ።

ጊዜው ባለፈው እንደ ሆነው በጥር ይሁን፤ ቡናው ከገባ በኋላ። ሰዓቱ ግን ከምሽት ወደ ቀን ይዛወር። ከአስር ሶላት በኋላ ቢጀመር ጀምበር ሳትጠልቅ ያልቃል፤ መብራት ቢጠፋም የሚቋረጥ ነገር አይኖርም፤ ከጎማ ገጠር ቀበሌዎች በእግሩ የሚመጣውም ሰው ሳይመሽበት ቤቱ ይደርሳል።